እንግዳ ሳያሳዩ ሪዞርት ማስተዋወቅ

ደንበኛዬ ክሮኤሺያ ውስጥ፣ ባሕር ዳር ያለ ሪዞርት ነው። እንግዶቹ ራቁታቸውን ይዋኛሉ፣ ራቁታቸውን ቴኒስ ይጫወታሉ፣ ራቁታቸውን መጽሐፍ ያነባሉ። እኔ ደግሞ አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ካለችው ክፍሌ ሆኜ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጹን፣ የኢሜይል መልእክቱንና ለጋዜጠኞች የሚላከውን ጽሑፍ አዘጋጅላቸዋለሁ። ሥራው የመጣልኝ የካምፕ ቦታዎችን ማስታወቂያ በሚሠራ የውጭ ድርጅት በኩል ነው። እናቴ «ምን ዓይነት ሆቴል ነው የምትሠሪለት?» ስትለኝ «ካምፕ ነው እማዬ፣ ድንኳን ምናምን» ብዬ አልፋለሁ። ውሸት አይደለም። ድንኳን አለ።

ይህን ስጽፍ ሁለት ሰው አስቤ ነው። አንዱ እንደ እኔ ቤቱ ቁጭ ብሎ ለውጭ ድርጅት የሚሠራ፣ እንዲህ ያለ ደንበኛ ሲመጣለት «እምቢ ልበል ወይስ ልያዘው?» ብሎ የሚያመነታ ነው። ሌላው እዚሁ አዳማ ስቲም፣ ማሳጅ ወይም የዋና ገንዳ ያለው ቤት ይዞ፣ እንግዶቹን ሳያሳፍር ስሙን ማሰማት የሚፈልግ ነው። እዚህ አገር ኑዲስት ሪዞርት ክፈቱ እያልኩ አይደለም። የወንጀል ሕጉም፣ ሰፈሩም፣ እናቴም አይፈቅዱም። ግን እነዚያ ሰዎች አንድ ከባድ ነገር ያውቁበታል። ዋናውን ነገር ለማንም ሳያሳዩ ቤታቸውን ይሞላሉ።

መጀመሪያ፣ የምታስተዋውቁት ምን እንደሆነ ይግባችሁ

እኛ ጋ «ኑዲስት» ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ወዲያው ሌላ ቦታ ይሄዳል። እነሱ ጋ ግን ነገሩ የቤተሰብ ዕረፍት ነው። አያት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ አብረው ይመጣሉ። ጀርመኖች ከመቶ ዓመት በላይ የኖሩበት ልማድ ሲሆን፣ በምሥራቅ ጀርመን ዘመን የባልቲክ ባሕር ዳርቻ በዚህ የታወቀ ነበር። ፈረንሳይ ውስጥ፣ አትላንቲክ ዳር ያለው የሞንታሊቬ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1950 ተከፈተ። ዓለም አቀፉ የናቹሪስቶች ፌዴሬሽንም (ኑዲስቶች ራሳቸውን «ናቹሪስት» ይላሉ) እዚያው በ1953 ተመሠረተ። ክሮኤሺያ ውስጥ ቨርሳር አጠገብ ያለው ኮቨርሳዳ ደግሞ በ1961 እንግዳ መቀበል ጀመረ።

ይህን ታሪክ ለጨዋታ አይደለም የምነግራችሁ። ጋዜጠኛ ሲደውል ብዙ ጊዜ የሚጀምረው «ይኼ አዲስ ፋሽን ነው አይደል?» ብሎ ነው። ያኔ ሳትበሳጩ ዓመቱን ትነግሩታላችሁ። ጨዋታው ወዲያው ይለወጣል።

ከዚያ በኋላ አዲስ እንግዳ ምን እንደሚፈራ ጻፉ። ውበት፣ ባሕር፣ ፀሐይ የሚለውን ለጊዜው እርሱት። ያ በየትኛውም ሪዞርት አለ። ስልኩን ይዞ ገጻችሁን የከፈተው ሰው ልቡ ውስጥ ያለው ሌላ ነው። ማን ያየኛል? ፎቶ ቢያነሱኝስ? ሚስቴ ትፈልጋለች፣ እኔ ግን ባፍርስ? ስገባ ወዲያው ነው የማወልቀው? ሆዴ ትልቅ ነው፣ የቀዶ ጥገና ጠባሳ አለኝ፣ ይስቁብኝ ይሆን? እራት ላይስ? ወንድ ብቻውን መምጣት ይችላል?

እነዚህን ጥያቄዎች አንድ በአንድ የሚመልስ ገጽ ከሌላችሁ፣ ሌላው ሥራ ሁሉ ውሃ ወቀጣ ነው። እኔ የደንበኛዬን ድረ ገጽ ስረከብ የደንብ ገጹ ከታች፣ በትናንሽ ፊደል ተደብቆ ነበር። ከፍ አድርጌ መጀመሪያ ላይ አስቀመጥኩት። ለዚህ ዓይነት ቤት ደንቡ ራሱ ማስታወቂያ ነው።

አጻጻፉ ላይ ግን ተጠንቀቁ። «ፎቶግራፍ ማንሳት በጥብቅ የተከለከለ ነው» ብትሉ የእስር ቤት በር ይመስላል። «ገንዳው አካባቢ ስልክ አናወጣም። የረሳ ካለ ሠራተኞቻችን ጠጋ ብለው ያስታውሱታል» ብትሉ ግን አንባቢው ትንፋሹን ይመልሳል። ማን እንደሚጠብቀው አወቀ። የሚቀመጥበት ሁሉ ላይ የራሱን ፎጣ ማንጠፍም የእነዚህ ቦታዎች የመጀመሪያ ደንብ ነው። «ሁለት ፎጣ ይዛችሁ ኑ፣ አንዱ ለመቀመጫ ነው» ብላችሁ ጻፉት። የፎጣ ምክር ያነበበ ሰው ሻንጣ ማዘጋጀት በሐሳቡ ጀምሯል ማለት ነው።

ስለ ወሲባዊ ድርጊት ደግሞ አታድበስብሱ። የቤተሰብ ቦታ ከሆነ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ እንዲህ ያለ ነገር የሚያደርግ ይወጣል፣ ገንዘቡም አይመለስም። ይህን በግልጽ ያልጻፈ ሪዞርት የማይፈልገውን ደንበኛ ይስባል፤ የሚፈልገውን ቤተሰብ ያባርራል።

ፎቶ

ትልቁ ራስ ምታት ይኼ ነው። ስለዚህ ረዘም አደርገዋለሁ።

ፌስቡክም፣ ኢንስታግራምም፣ ቲክቶክም እርቃን አይቀበሉም። በሚከፈልበት ማስታወቂያ ላይ ደግሞ ደንቡ ከዚያም የጠበቀ ነው። ባይታይም ራቁት መሆኑ የሚያስታውቅ ምስል ሊጣል ይችላል። ትከሻ ብቻ ያለበት ፎቶ የሚመለስበት ጊዜ አለ። ስለዚህ «እስቲ ቆርጠን፣ በኮፍያ ሸፍነን እንሞክር» የሚለውን መንገድ እኔ አልሄድበትም። ገጹን አደጋ ላይ ከመጣል በቀር ትርፍ የለውም። በዚያ ላይ ሸፈን ሸፈን ያደረጉት ፎቶ ከራቁቱ ይልቅ ብልግና ይመስላል።

የሚሠራው ሰው የሌለበት ነገር ግን ሰው እንዳለበት የሚያስታውቅ ፎቶ ነው። ወንበር ላይ የተሰቀለ ፎጣና የተከፈተ መጽሐፍ። በር ላይ የተደረደሩ የአራት ሰው ነጠላ ጫማዎች፣ ሁለቱ የልጅ። ጠረጴዛ ላይ የተቆረጠ ሐብሐብ። ማለዳ ማንም ሳይነቃ ገንዳው። ለደንበኛዬ የፎቶ ዝርዝር ስልክለት ሁልጊዜ ሰዓቱን አብሬ እጽፋለሁ፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ባለው የመጀመሪያ ሰዓት ብቻ። ብርሃኑም ለስላሳ ነው፣ እንግዳም የለም።

ሰው የግድ ካስፈለገ እንግዳ አታስነሱ። ሠራተኛ ወይም የተከፈለው ሞዴል ልብሱን ለብሶ ይነሳ። ሪሴፕሽን ላይ የምትስቅ ልጅ፣ ዓሣ የሚጠብስ ምግብ አብሳይ፣ ዛፍ የሚያጠጣ አትክልተኛ። እንግዳው መጀመሪያ የሚያገኘው እነሱን ስለሆነ ፊታቸውን ቢለምድ ጥሩ ነው።

አንዳንድ እንግዳ ራሱ ፈቅዶ «አንሱኝ» ሊል ይችላል። እሺ። ግን ፈቃዱ በጽሑፍ ይሁን። ወረቀቱ ላይ የትኛው ፎቶ እንደሆነ፣ የት የት እንደሚወጣ፣ ለስንት ጊዜ እንደሚቆይ፣ ሰውየው ሐሳቡን ቢለውጥ ለማን እንደሚጽፍ ይኑር። ፈቃዱን የምትጠይቁት ደግሞ ቢራ ይዞ በሚስቅበት ሰዓት አይደለም። በማግስቱ፣ ቡና ላይ፣ ፎቶውን አሳይታችሁ ነው። ልጅ ያለበት ፎቶ ግን ወላጅ ቢፈቅድም አይወጣም። በዚህ ላይ ድርድር የለኝም፤ ለደንበኛዬም ገና ሥራውን ስይዝ ነግሬዋለሁ።

ፎቶ የሚነሳበት ቀን ከመድረሱ በፊት ሰሌዳ ላይ ማስታወቂያ ይለጠፍ። የትኛው ክፍል፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነ ይጻፍ። ካሜራ የያዘው ሰው ከሩቅ የሚታይ ሰደርያ ይልበስ። የማይፈልግ እንግዳ ሳይነገረው ራሱ ዞር ይላል። ጉግል ማፕንም አትርሱ። እንግዳ የራሱን ፎቶ ሲጭን ከበስተኋላ ሌላ ሰው ሊገባ ይችላል። ቢያንስ በየሳምንቱ ገብቶ ማየትና ማመልከት ያስፈልጋል።

ጋዜጠኛ

ኑዲስት ሪዞርት ከጋዜጠኛ ጋር አንድ ዕድልና አንድ ችግር አለው። ዕድሉ ርዕሱ ራሱ ሰው ያስነብባል። ለተራ ሆቴል ጋዜጠኛ ለማምጣት መከራ ነው፤ ለእነዚህ ግን ይመጣል። ችግሩ የሚመጣው ለቀልድ መሆኑ ነው።

ቀልዱን አትሽሹት። የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ 8ኛ እ.ኤ.አ. በ1936 በጋ የክሮኤሺያዋን ራብ ደሴት ጎብኝቶ ነበር። እዚያ ካንዳሮላ በሚባል ወሽመጥ ራቁቱን ዋኘ እየተባለ ይተረካል። ደሴቲቱ ይህን ወሬ እስከ ዛሬ ለጎብኚ ትነግራለች። ማንም አልተሰደበበትም፣ ማንም አላፈረበትም፤ ሰው ግን ፈገግ ብሎ ይመጣል። የእናንተም ደንበኛ እንዲህ ያለች አንድ ታሪክ ካለችው ፈልጋችሁ አውጧት።

ጋዜጠኛ ደግሞ ምክንያት ይፈልጋል። «ጥሩ ሪዞርት ነን» ዜና አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 ጁላይ ላይ የአሜሪካ ኑዲስቶች ማኅበር በሰሜን አሜሪካ ያሉ ክለቦችን አስተባብሮ በአንድ ቀን ሰዎች ራቁታቸውን ውሃ እንዲገቡ አደረገ። ከ13 ሺህ በላይ ሰው ተቆጠረ። ጥበቡ የት ላይ እንዳለ አያችሁ? እያንዳንዱ ክለብ ለሰፈሩ ጋዜጣ የሚሰጠው የራሱ ቁጥር ነበረው። «እዚህ ከተማ ይህን ያህል ሰው ገባ» ተብሎ ይጻፋል። በየዓመቱ ሜይ ወር የመጀመሪያ ቅዳሜ የሚውለው ራቁት የአትክልት ሥራ ቀንም አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ የሚከበር ነው። ለጓሮ አትክልት አምድ ጸሐፊ እንዲህ ያለ ስጦታ ከየት ይገኛል? ጽሑፉን ከቀኑ አስቀድማችሁ፣ ጋዜጠኛው ገና አምዱን ሳይሞላ ላኩለት።

ጋዜጣዊ መግለጫው ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ምን፣ መቼ፣ የት የሚለው በመጀመሪያው አንቀጽ ይለቅ። ከገጹ ግርጌ ለጋዜጠኛ የሚናገር ሰው ስልክ ይቀመጥ። የሚናገረውን ሰው ራሳችሁ ምረጡ። ሥራ አስኪያጁ ሁልጊዜ ጥሩ አይደለም፣ ስለ አልጋ ብዛት ያወራል። የተሻለው ለመጀመሪያ ጊዜ ስትመጣ ፈርታ የነበረች፣ አሁን ግን በየዓመቱ የምትመጣ እንግዳ ናት። ስሟ እንዳይወጣ ከፈለገች ይህ ከቃለ መጠይቁ በፊት ከጋዜጠኛው ጋር ተነጋግሮ ይለቅ። ካወራች በኋላ ለመለመን አይመችም።

«ጋዜጠኛው ልብሱን ማውለቅ አለበት?» የሚል ጥያቄ ሳይመጣ አይቀርም። መልሱን አስቀድማችሁ ከሪዞርቱ ጋር ወስኑ። የእኔ ደንበኛ በካምፑ መንገድ ላይ ልብስ ለብሶ መዞር ይፈቅዳል፤ ገንዳው ጋ ግን አይፈቅድም። ይህ በኢሜይል ይጻፍለት። በሩ ላይ ደርሶ ቢሰማ ታሪኩ ሁሉ ስለ ራሱ ሱሪ ይሆናል። ከካሜራ ባለሙያ ጋር ደግሞ አንድ ሠራተኛ አብሮት ይዙር። ብቻውን አይለቀቅ።

እኔ ከሁሉም በላይ ሬዲዮ እወዳለሁ። ሬዲዮ ላይ ምስል የለም። የሞገድ ድምፅ አለ፣ የልጆች ጫጫታ አለ፣ ስለ ፎጣው የሚስቅ ሰው አለ። የሚደበቅ ነገር ስለሌለ ተናጋሪውም ዘና ይላል። ቪዲዮ ቪዲዮ በሚባልበት ጊዜ ይህን ስል አለቆቼ ይገረማሉ። ሬዲዮ የሰማ ሰው ግን ደውሎ ረጅም ጥያቄ ይጠይቃል። ረጅም ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ክፍል ይይዛል።

ስለ ክፍያ ማስታወቂያ አጭር ነገር

ብዙ ገንዘብ አታፍስሱበት። ማስታወቂያው ቢጣል ብዙ ጊዜ የሚመልሰው ማሽን ነው፤ ክርክር አይገባውም። ስለ ባሕሩ፣ ስለ ዛፉ፣ ስለ ካምፑ የሚያወራ ማስታወቂያ ሠርታችሁ ወደ ደንብ ገጹ ውሰዱት። እዚያ ነገሩ በግልጽ ይነገር። በማስታወቂያው ላይ ተራ ካምፕ አስመስላችሁ ሰውን አታታልሉ ግን። «ናቹሪስት» የሚለው ቃል መኖር አለበት። ሳያውቅ ቤተሰቡን ይዞ በር ላይ የደረሰ ሰው የሚጽፈውን አስተያየት አስቡት።

የኢሜይል ዝርዝር ግን ያዙ። የፌስቡክ ገጽ ነገ ጠዋት ተነስታችሁ ልታጡት ትችላላችሁ። ኢሜይሉ የራሳችሁ ነው። እነዚህ እንግዶች ደግሞ ታማኞች ናቸው፣ የተመቻቸውን ቦታ ቶሎ አይለውጡም። በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ፣ ዋጋውና አዲሱ ነገር ተጽፎ ይላክላቸው። የላኪው ስምና ርዕሱ ግን ጨዋ ይሁን። ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተሩን ለባልደረባው እያሳየ እያለ ብቅ የሚልበት ሰው አለ።

አስተያየት መስጫው ስር ስድብና ብልግና ይመጣል። ብልግናውን አጥፉ፣ ስድቡን ተዉት፣ ጥያቄውን መልሱ። ከማንም ጋር ስለ ሃይማኖት አትከራከሩ። እኔ የራሴ እምነት አለኝ፤ የደንበኛዬ ገጽ ግን የእኔ መድረክ አይደለም። አንድ ነገር ደግሞ እንደ እኔ ከቤታችሁ ለምትሠሩት፦ መብራት ሲጠፋ ኢንተርኔቱም አብሮ ይሄዳል፣ አዳማን ታውቋታላችሁ። የሳምንቱን ፖስት አስቀድማችሁ በሰዓቱ እንዲወጣ አድርጉት። አስተያየት የሚያጠፋ ሰው ግን ክሮኤሺያም ይኑር። እዚህ መብራት እስኪመጣ እዚያ ብልግናው ሲከመር ይውላል።

ወደ አዳማ ስናመጣው

ሶደሬ መንገድ አካባቢ የእንግዳ ማረፊያ ያላቸው አንድ አባት አማክረውኝ ነበር። ስቲም አላቸው፣ ትንሽ ገንዳ አላቸው። «ልጄ፣ ቅዳሜና እሑድ ሰው ይመጣል፣ በሥራ ቀን ግን ባዶ ነው። ቲክቶክ ላይ አውጪልኝ» አሉኝ። ገጻቸውን ከፈትኩት። ሠራተኛቸው ገንዳው ዳር ቆሞ እንግዶችን ሲቀርጽ ኖሯል። የዋና ልብስ የለበሱ ሴቶች፣ ቢራ የያዙ ወንዶች፣ ከጀርባ ሙዚቃ።

«ጋሼ፣ እነዚህ ሰዎች ፈቅደዋል?»

«ኧረ እነሱ ደስ ብሏቸው ነው!»

ደስ ሊላቸው ይችላል። ግን ቪዲዮውን ያየችው ሌላ ሴት «እዚያ ብሄድ እኔም እንዲህ እወጣለሁ» ብላ ትቀራለች። ሕጉም አለ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰውን ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን ይከለክላል። የማስታወቂያ አዋጁ ቁጥር 759/2004 አለ፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጁ ቁጥር 1321/2016 መጥቷል። ለነገሩ ጋሼን ያሳመናቸው ሕጉ አይደለም። «ልጅዎ ብትሆን?» ስላቸው ዝም አሉ፤ ስልኩንም ከሠራተኛው ላይ ተቀበሉት።

እናም የክሮኤሺያውን ዘዴ እንዳለ ገለበጥነው። የድሮዎቹ ቪዲዮዎች ወረዱ። በምትካቸው ማለዳ ላይ ባዶ ገንዳ፣ የተጣጠፈ ነጭ ፎጣ፣ ከስቲሙ በር ስር የሚወጣው እንፋሎት፣ ወጥ ቤት ውስጥ ሽሮ የምታንተከትከው ሠራተኛ ራሷ ፈቅዳ። ደንቡ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ተጻፈ። አዳማ ላይ በአንድ ቋንቋ ብቻ የሚጽፍ ቤት ግማሽ ደንበኛውን በር ላይ ነው የሚመልሰው። የመጀመሪያው መስመር «ገንዳና ስቲም አካባቢ ቀረጻ የለም፤ እኛም አንቀርጽም» ይላል። ቀጥሎ የሴቶች ብቻ ሰዓት። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ሠራተኛዋም ሴት። ቀጥሎ ዋጋው በቁጥር፤ «በውስጥ መስመር ያናግሩን» የሚባል ነገር የለም። ሰው ዋጋ ለመጠየቅ ያፍራል፣ አፍሮም ወደ ሌላ ቤት ይሄዳል።

ለሚዲያ ደግሞ ቅርባችሁን ተጠቀሙ። የኦሮሚያ ብሮድካስቲንግ ኔትወርክ ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ከተማችን ነው። ከተማዋ የስብሰባ ከተማ ናት፤ ገልማ አባ ገዳ አዳራሽ ትልቅ ስብሰባ ሲኖር ከየክልሉ ሰው ይመጣል። እነዚህ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ውለው ማታ ወገባቸውን ይዘው ይወጣሉ። ለአዘጋጆቹ አጭር ደብዳቤ፣ ከምዝገባው ወረቀት ጋር የሚታደል ትንሽ ካርድ፣ ባጃጅ ከአዳራሹ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ። የሥራ ቀኑን ባዶነት የሚሞላው ይኼ ነው፤ ቲክቶክ ቅዳሜን እንጂ ማክሰኞን አይሞላም።

ፎቶ ሾልኮ ቢወጣስ? ይወጣል፣ አትጠራጠሩ። ያኔ መጀመሪያ የሚደወለው ፎቶው ላይ ላለው ሰው ነው፤ ከሌላ ከመስማቱ በፊት። ከዚያ ምስሉ ላለበት ገጽ ማመልከት፣ ያነሳው እንግዳ ከታወቀ ማስወጣት። በአደባባይ መግለጫ አትቸኩሉ። ብዙ ጊዜ መግለጫው ነው ፎቶውን ላላየው ሰው የሚያሳየው። ተጎጂው «ተናገሩልኝ» ካለ ብቻ ሁለት መስመር ጻፉ።

በመጨረሻ ሪሴፕሽን ላይ አንድ ደብተር ይቀመጥ። የሚመጣው ሰው ሁሉ «ማን ነገራችሁ?» ተብሎ ይጠየቅ፣ መልሱ ይጻፍ። የክሮኤሺያው ደንበኛዬ ይህን በኮምፒውተር ያደርገዋል፣ ጋሼ በእስክርቢቶ። ሁለቱም ጋ የሚበዛው መልስ «ጓደኛዬ» ወይም «እህቴ» ነው። ስለዚህ ጋሼ ከማስታወቂያው ገንዘብ ቀንሰው፣ ሰው ይዞ ለመጣ ደንበኛ አንድ ስቲም በነፃ መስጠት ጀምረዋል። ካርዷን እኔ ነኝ የሠራሁላቸው፤ ከፊቷ ላይ አንድ ፎጣ ብቻ ነው ያለው።